እጥፍ ኃይል ስንት ነጥብ ያወጣል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ «ኮምፒውተሩ በእጥፍ ሲፈጥን የጎ ፕሮግራሙም በእጥፍ ይጎብዛል» የሚል ዐረፍተ ነገር ወጥቷል። በእጥፍ መጎበዝ ምን ማለት እንደሆነ ጽሑፉ አይናገርም። ፍጥነት በእጥፍ ይቆጠራል፤ ችሎታ ግን የሚታወቀው ከስንት ጨዋታ ስንቱን አሸነፈ ተብሎ ነው። ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ዳር ባለው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ባለ አራት ኮር (አራት የማስሊያ ክፍል ያለው ፕሮሰሰር የያዘ) አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል። መሞከር ለሚፈልጉ ተማሪዎች አሠራሩንና የሚበላሽበትን ቦታ እንጻፍ።

ጎ ጥቁርና ነጭ ጠጠር በመስመሮች መገናኛ ላይ እየተቀመጠ ቦታ የሚከበብበት የምሥራቅ እስያ ጨዋታ ነው። ትልቁ ሰሌዳ 19 በ19 ሆኖ 361 መገናኛ አለው፤ ትንሹ 9 በ9 ሆኖ 81። እንደ ገበጣ ጠጠሩ አይዞርም፤ የተቀመጠው ተከብቦ ካልተማረከ በስተቀር ከቦታው አይነሣም። ፈረንሳዊው ሬሚ ኩሎም በ1998 ዓ.ም. ክሬዚ ስቶን የተባለውን ፕሮግራም ካቀረበ ወዲህ ጠንካሮቹ ፕሮግራሞች የሚያስቡት የሞንቴ ካርሎ የዛፍ ፍተሻ በሚባለው መንገድ ነው፦ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ሺህ ጊዜ እየፈተሹ፣ የሚያዋጣ ወደሚመስለው ቅርንጫፍ እያዘነበሉ።

ስለዚህ ሴኮንድ አትለኩ፤ ፍተሻ ቁጠሩ። ፓቺ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ላይ፣ በጊዜ ትእዛዙ ከቁጥሩ በፊት የእኩል ምልክት ሲገባ ቁጥሩ ሴኮንድ መሆኑ ቀርቶ የፍተሻ ብዛት ይሆናል። ካታጎ በተባለው ሌላ ፕሮግራም ላይ ደግሞ የጉብኝት፣ ማለትም የፍተሻ፣ ጣሪያውን በማዋቀሪያ ፋይሉ መወሰን ይቻላል። በ9 በ9 ሰሌዳ ደረጃዎቹን 1,000፣ 2,000፣ 4,000 ፍተሻ እያላችሁ እስከ 32,000 ውሰዱ፤ እያንዳንዱን ከጎረቤቱ ጋር 400 ጊዜ አጫውቱ፣ 200 በጥቁር፣ 200 በነጭ። ኮሚው፣ ማለትም ሁለተኛ ለሚጀምረው ነጭ የሚሰጠው ማካካሻ፣ 7.5 ይሁን። በተቃዋሚ ተራ ማሰብንና የመክፈቻ መዝገብን፣ ማለትም ቀድሞ የተዘጋጀውን የመጀመሪያ እርምጃዎች ዝርዝር፣ ዝጉ።

400 ለምን? 100 ጨዋታ ተጫውቶ 64ቱን ያሸነፈ ፕሮግራም የ100 ኤሎ (ከማሸነፍ ድርሻ የሚሰላ የችሎታ ነጥብ) ብልጫ ያለው ይመስላል። የስሕተት ወሰኑ ግን ከ9 ከመቶ በላይ ወዲህና ወዲያ ስለሆነ፣ እውነተኛው ብልጫ 35 ነጥብም 170 ነጥብም ሊሆን ይችላል። በ400 ጨዋታ ወሰኑ በግማሽ ይጠባል፤ እንደገና በግማሽ ለማጥበብ 1,600 ይፈለጋል። በ20 ጨዋታ ተነሥቶ ግራፍ የሚሥል ሰው የሚሥለው ዕድልን ነው።

ጊዜውን አስቀድማችሁ አስሉ። አንድ ኮር በሴኮንድ 4,000 ፍተሻ ቢሠራ፣ 16,000ው ለአንድ እርምጃ 4 ሴኮንድ፣ 32,000ው 8 ሴኮንድ ይወስዳል። እያንዳንዱ 25 እርምጃ ቢጫወት አንድ ጨዋታ 5 ደቂቃ ነው፤ 400ው በአንድ ኮር 33 ሰዓት፣ በአራት ኮር አራት ጨዋታ ጎን ለጎን ቢሄድ 8 ሰዓት ከምናምን። አንድ ሌሊት ማለት ነው። በ19 በ19 ሰሌዳ ግን እርምጃውም እያንዳንዱ ፍተሻም ስለሚረዝም ሥራው ወደ 20 እጥፍ ይጠጋል። ከዚያ አትጀምሩ።

ሌሊቱ ያለ መብራት መጥፋት ካለፈ ነው እንግዲህ። ከከተማው ዳር ላለ ሰው ፍተሻ መቁጠር ከሁሉ በላይ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ላፕቶፕ ወደ ባትሪ ሲዞር የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይቀንሳል፤ በሴኮንድ የሚለካ ሙከራ ከሆነ ግማሹ ጨዋታ ሳይታወቅ በደካማ ኃይል ይካሄዳል። ሙቀትም አለ። በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በ20 ከመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ማራገቢያው ያንኑ ያህል እየዞረም ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ፕሮሰሰሩም ራሱን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳል። በፍተሻ ቆጠራ ሙከራው ይዘገያል እንጂ ውጤቱ አይዛባም። መብራት ሲሄድ የተቋረጠውን ጨዋታ ግን ዝም ብላችሁ አትጣሉት፤ ረጅም ጨዋታ የመቋረጥ ዕድሉ ስለሚበልጥ መዝገቡ ወደ አጫጭሮቹ ያጋድላል። ከዚያው መክፈቻ እንደገና ይጀመር።

ትሬድ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ጎን ለጎን የሚያካሂደው የሥራ መስመር፣ ሌላ ወጥመድ ነው። አራት ትሬድ በድምሩ 8,000 ፍተሻ ሲሠሩ፣ አንድ ትሬድ ብቻውን 8,000 ከሚሠራው ይደክማሉ፤ አንዱ የሌላውን ውጤት ሳይሰማ ስለሚነሣ። ደቦ ወጥቶ አራቱም አንድ ትልም ላይ እንደ መጎንበስ ነው። የፍተሻን ብዛት በአንድ ትሬድ፣ የትሬድን ብዛት ለብቻው ለኩ። የራም ጉዳይም አለ፦ ለዛፉ የተመደበው ቦታ ከሞላ ዛፉ አያድግም፤ ከላይ ያሉት ደረጃዎች እኩል ይወጡና «ኃይል መጨመር አይጠቅምም» የሚያሰኝ የሐሰት ጠፍጣፋ መስመር ይታያል። ጠፍጣፋ መስመር በቀለም ምክንያትም ይመጣል፦ በ9 በ9 ፕሮግራሞቹ ሲጠነክሩ 7.5 ኮሚ ለነጭ ያደላል፤ ሁለቱም በነጭ ብቻ ካሸነፉ ውጤቱ 50 ለ50 ይሆናል። የጥቁሩንና የነጩን ለየብቻ መዝግቡ። አንድ ዓይነት ጨዋታ ተደጋግሞ እንዳይቆጠርም የተለያዩ መክፈቻዎች አዘጋጅታችሁ እያንዳንዱን ቀለም እየቀያየራችሁ ሁለት ጊዜ አጫውቱ።

ትልቅ መሣሪያ ባላቸው ዘንድስ? በጥር 2008 ዓ.ም. አልፋጎ ስለተባለው የጎ ፕሮግራም በታተመው ጥናት፣ በ1,202 ፕሮሰሰርና በ176 ጂፒዩ (ብዙ ስሌት ጎን ለጎን የሚሠራ የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ላይ የተዘረጋው አልፋጎ፣ 48 ፕሮሰሰርና 8 ጂፒዩ ባለው አንድ ማሽን ላይ የሚሠራውን ወንድሙን 77 ከመቶ አሸነፈ። ከ20 እጥፍ በላይ መሣሪያ፣ ማለትም ከአራት ጊዜ በላይ በእጥፍ ማደግ፣ 210 ገደማ ኤሎ፤ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 50 ነጥብ እንኳ አይሞላም።

ይህም ወንድም ከወንድም ጋር ነው። ሁለቱም የማያዩትን ጉድለት አንዳቸው በሌላው ላይ ስለማይጠቀሙበት የርስ በርስ ግጥሚያ ዕድገቱን ያጋንናል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. እንደተዘገበው አንድ አሜሪካዊ አማተር፣ ሌላ ፕሮግራም ያገኘውን ድክመት አጥንቶ፣ ከዋና ተጫዋቾች በላይ የሚቆጠረውን ካታጎን ከ15 ጨዋታ 14ቱን ረታው። ስለዚህ በአስተሳሰቡ የሚለይ ተጋጣሚ፣ ለምሳሌ ግኑ ጎ 3.8፣ በየደረጃው ይግባ። ከ95 ከመቶ በላይ ከተሸነፈ ግን ሚዛንነቱ ያበቃል፤ ጠንከር ያለ ይተካ።

እርማት የምታወጡ ከሆነ ከማሸነፍ ድርሻው ጎን የሰሌዳው ስፋት፣ የጨዋታው ብዛትና የትሬዱ ቁጥር አብሮ ይታተም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከኮዬ ፈጬ አንባቢዎቻችሁ