የ10 ሰዓቱ ሜዳ ለሴቶቹም ይድረሳቸው

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

በስፖርት ገጻችሁ ስለ ታዋቂ አሰልጣኞች የሚወጣውን ሁሉ እከታተላለሁ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። የምትነግሩን ስለ ዋንጫው ነው፤ አሰልጣኙ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ፣ በስንት ብር እንደፈረመ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ። ዋንጫው ከመምጣቱ በፊት ሜዳውን ማን እንደፈቀደለት፣ ማልያው በምን ገንዘብ እንደተገዛ ግን አትጽፉም። ለእኛ ለስፖርት መምህራን የሚጠቅመን ደግሞ ይሄኛው ነው። ስለዚህ ስለ አንዲት የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ጥቂት ልበልና ወደ ጎንደር ጉዳያችን ልምጣ።

አሜሪካዊቷ ፓት ሰሚት የገበሬ ልጅ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1952 በቴነሲ ግዛት ተወለደች። ከታላላቅ ወንድሞቿ ጋር ድርቆሽ በሚከመርበት ጎተራ ውስጥ በተሰቀለ ቅርጫት ስትጫወት አደገች። ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ የአካባቢው ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን አልነበረውም። አባቷ ምን አደረጉ? ቤተሰቡን ጠቅልለው ቡድን ወዳለበት ወረዳ ገቡ። ሴት ልጄ ኳስ ትጫወት ብሎ ቤት የሚለቅ አባት በእኛ ሰፈር ዛሬም ብርቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሴቶቹን ቡድን ስትረከብ ዕድሜዋ 22 ነበር። ደመወዟ በወር 250 ዶላር ነው። ማልያ የምታጥበው ራሷ፣ ቡድኑን የሚያጓጉዘውን መኪና የምትነዳውም ራሷ ነች። ማልያው ራሱ የተገዛው ከዚያ በፊት ዶናት ተሽጦ በተገኘ ገንዘብ ነው። (ፓስቲ ሸጠን ኳስ እንግዛ ያሉኝ ተማሪዎች ስላሉ ይህን ሳነብ ፈገግ ብያለሁ።) የመጀመሪያ ጨዋታዋን በአንድ ነጥብ ተሸነፈች፤ 84 ለ83። በዚያው ጊዜ የተበጠሰ የጉልበት ጅማቷን እያስታመመች ለራሷም ትለማመድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ሲካተት በሞንትሪያል የብር ሜዳሊያ ካገኙት ተጫዋቾች አንዷ ሆነች። ከስምንት ዓመት በኋላ በሎስ አንጀለስ ደግሞ የአገሯን ቡድን አሰልጥና ወርቅ አመጣች። ከዩኒቨርሲቲው ጋር የመጀመሪያውን የአገር አቀፍ ዋንጫ ያነሳችው ግን በ13ኛ ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እኛ ዘንድ ቢሆን በሦስተኛው ዓመት ጃኬቷን ይዛ ትሰናበት ነበር።

በይበልጥ የምወድላት ታሪክ ግን ከዋንጫዎቹ ጋር የተያያዘ አይደለም። በዚያ ዘመን በቴነሲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጃገረዶች የሚጫወቱት አምስት ለአምስት ሳይሆን ስድስት ለስድስት ነበር። ሦስቱ በአንደኛው አጋማሽ፣ ሦስቱ በሌላኛው ይቆማሉ፤ የመሀሉን መስመር ማለፍ ክልክል ነው። ሙሉ ሜዳ መሮጥ ለሴት ይከብዳታል ተብሎ ነው እንግዲህ። ተከላካይ የሆነች ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ተጫውታ አንድም ኳስ ወደ ቅርጫት ሳትወረውር ልትመረቅ ትችላለች። ሰሚት ይህ ደንብ የክልሏን ልጆች ከሌሎች ወደኋላ እንደሚያስቀራቸው ስላየች እንዲቀየር ከተሟገቱት ዋነኛዋ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ተቀየረ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልስቅም፤ ለምን እንደሆነ ከታች እነግርዎታለሁ።

በትምህርት በኩልም ቀልድ አታውቅም። ተጫዋቾቿ ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች በአንዱ መቀመጥ ነበረባቸው፤ ያለ ፈቃድ የቀረች አትጫወትም። በቴነሲ የመጫወቻ ጊዜያቸውን የጨረሱት ልጆቿ በሙሉ ተመርቀዋል። በ38 ዓመት 1,098 ጨዋታ አሸንፋለች፣ 8 ዋንጫ ወስዳለች፤ ነገር ግን ለወላጅ ስናገር የማነሳው ምረቃውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ገና በ59 ዓመቷ የመርሳት በሽታ እንዳለባት ስታውቅ ለሕዝብ ተናገረች፣ አንድ ዓመት ጨምራ አሰለጠነች፣ በ2016 በ64 ዓመቷ አረፈች።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ጎንደር የኳስ አገር ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ እኔም ከተማው መሀል ወጥቼ ጨፍሬያለሁ። ሆኖም እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ አንድ ብቻ ነው፤ ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀ፣ ቅርጫቱ መረብ የሌለው። ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት የወንዶች ነው። ሴቶቹ የሚፈቀድላቸው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ጀምበር ትጠልቃለች፣ መብራት የለም፣ ወደ አዘዞ የሚመለሱት ልጆች ደግሞ ባጃጅ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ልጃቸውን ያስቀሩ አንዲት እናት፣ «መምህር፣ ኳሱን ጠልቼው አይደለም፤ መንገዱን ፈርቼ ነው» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ይህን ለሚመለከታቸው ሳቀርብ የሚሰጠኝ መልስ «ሴቶቹ እኮ አይመጡም» የሚል ነው። የስም መጥሪያው ይወጣና ሰባት ልጅ ተገኘች፣ አምስት ልጅ ተገኘች ይባላል። እግሯን አስሮ «ለምን አትሮጪም?» እንደማለት ነው። የሚመጡት ደግሞ እንዴት እንደሚጫወቱ ላሳይዎት። ሁለት ልጆች አንድ ሸራ ጫማ ይጋራሉ። ተቀያሪዋ ስትገባ የወጣችው ልጅ መስመሩ ላይ ቁጭ ብላ ጫማውን ትፈታላታለች፣ ያቺ ክሩን እስክትቋጥር እኔ ፊሽካዬን በአፌ ይዤ እጠብቃለሁ። ይህን ያህል የሚፈልግ ልጅ ፍላጎት የላትም መባሉ ያንገበግበኛል። ወንዶቹን አልወቅስም፤ ለውድድር ይዘጋጃሉ። የሴቶቹም ውድድር ግን በዚያው ሰሞን ነው።

የምጠይቀው አዲስ ጂምናዚየም አይደለም። ያለው ሰዓት ይከፈል ነው የምለው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ፕሮግራሙ ላይ ሁለት መስመር መቀየር ይበቃል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ማክሰኞና ሐሙስ ቢሆን እመርጣለሁ፤ በሁለቱ ቀን ከ10 ሰዓት ጀምሮ ሜዳው የሴቶቹ ይሁን፣ ወንዶቹ በተራቸው ወደ 12 ሰዓቱ ይሂዱ። ፒያሳም ማራኪም ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ተመሳሳይ አቤቱታ አላቸው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ግቢ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ከእናንተም አንድ ነገር እፈልጋለሁ። የሴት ተማሪዎች የቅርጫት ኳስ ውጤት በገጻችሁ አንድ መስመር ያግኝ፤ የቡድኖቹ ስምና ነጥቡ ብቻ ይበቃል። ጋዜጣ ላይ የወጣን ቡድን «አይመጡም» ማለት ለማንም ይከብደዋል። የሚቀጥለው ግጥሚያ እንዳለቀ ውጤቱን በዚያው ምሽት እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የስፖርት መምህር፣ ከጎንደር