የፎቶግራፍ ክበብ፦ ጥቁሩ ፈረስና ነጩ ነጠላ

"ቲቸር፣ ካሜራው ተበላሽቷል!" የዘንድሮ ሥራችን በዚህ ቃል ተጀመረ ማለት ይቻላል።

ጥር 11 ለጥምቀት ልጆቹ እዚሁ ደብረ ብርሃን ፈረሰኞች ሲያነሱ ዋሉ። በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ ስናየው ተከታትለው ከተነሱት አምስት ፎቶዎች ሁለቱ ጠቁረዋል፣ አንዱ ነጥቷል። ፈረሱ ያው፣ ፀሐዩም ያው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሌንሱን ነው። አሮጌ ሌንስ ውስጥ የአፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው፣ የሚጠብና የሚሰፋ ቀዳዳ) ስስ ብረቶች ሲጣበቁ እንዲህ ያደርጋል። አፐርቸሩን አጥብበን የግቢውን ግንብ ሃያ ጊዜ አነሳነው። ሃያውም አንድ ዓይነት ወጣ። ካሜራው ጤነኛ ነው።

ነገሩን የፈታችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ "የጠቆሩት ላይ ከኋላ ነጠላ የለበሱ ሰዎች አሉ" አለች። እውነቷን ነው! ካሜራ ኦቶ (ራሱ እንዲወስን) ላይ ሲሆን ለእያንዳንዱ ፎቶ ብርሃኑን እንደ አዲስ ይለካል፣ ያየውንም ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል፤ ስለዚህ ነጭ ሲበዛበት ያጨልማል፣ ጥቁር ፈረስ ሲሞላው ደግሞ ያነጣል። ፈረሱ በሮጠ ቁጥር ከኋላው ያለው ነገር ይቀየራል፣ ካሜራውም ሐሳቡን ይቀይራል።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ላይ በማንዋል፣ ማለትም ልኩን ራሳችን ወስነን ነው የምናነሳው፦ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ፣ አፐርቸር 8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን ምን ያህል እንዲያጎላ የሚወስነው ቁጥር) 250። ደመና ሲመጣ እንደገና እንለካለን። አንድ ልጅ ግን ማንዋል አድርጎም ችግሩ አልለቀቀውም፤ ለካ አይኤስኦው ኦቶ ላይ ቀርቷል። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል፣ እባካችሁ እዩዋት።

በትምህርት ቤቱ የሩጫ ውድድር ሞከርነው። አንድ ልጅ ነጭ ቲሸርት ለብሶ በባሕር ዛፎቹ ፊት ሲያልፍ ያነሳነው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ብርሃኑ እኩል ነበር። ልጆቹ በደስታ ጮኹ፣ እኔም አብሬ ጮህኩ።

አዳራሽ ውስጥ ፒንግ ፖንግ ስናነሳ ግን በማንዋልም ፎቶው ይለዋወጥብን ጀመር። እዚያ ጥፋቱ የመብራቱ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አሮጌ ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይናችን አያየውም፣ 1/500 ሹተር ግን አንዴ ድምቀቱን፣ አንዴ ድብዘዛውን ይይዛል። 1/100 ስናደርገው እያንዳንዱ ፎቶ አንድ ሙሉ ድምቀትና ድብዘዛ ስለሚይዝ ብርሃኑ ተስተካከለ፣ ኳሷ ግን ደብዝዛ ጭራ አወጣች። ኋላ ጠረጴዛውን አራት ሆነን ተሸክመን መስኮቱ ሥር አስጠጋነው፣ መብራቱን አጠፋን፣ 1/500 ላይ መለስነው። ኳሷ ላይ የተጻፈው ሳይቀር ይነበባል።