ከቤይሩት ለጋሼ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ፣ ደሴ።

እንደምን ከርመሃል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ዕድሩን ወክለህ ለሀገራዊ ምክክሩ መመረጥህን ስሰማ ሳቄ መጣ። ቤት ውስጥ ማንንም የማታስወራ ሰውዬ! "ሊባኖሶቹም ተዋግተው ታርቀዋል፣ እንዴት አደረጉት?" ብለሃል። ከወጥ ቤት ሆኜ የማየውን ልንገርህ።

እዚህ በፈረንጆቹ ከ1975 እስከ 1990 ተዋጉ። በ1989 ሳውዲ፣ ጣይፍ ከተማ ላይ ተስማሙ። ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ የሚሆንበት የድሮ ልማድ እንዳለ ቀረ። የፓርላማው ወንበርም፣ ዛሬ 128 ነው፣ ለክርስቲያንና ለሙስሊም እኩል ተከፈለ። ተኩሱ ቆሟል፣ እሱን አልክድም። ግን ክፍፍሉን ቀስ በቀስ እናስቀረዋለን ብለው ፈርመው ነበር፣ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ሳይስማሙ ቀርተው ከ2022 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ አገሩ ፕሬዚዳንት አልነበረውም። አንዴማ ፈተና ያለፉ የደን ጠባቂዎች የሃይማኖታቸው ቁጥር አልተመጣጠነም ተብሎ ሳይሾሙ ቀሩ። ዛፉ ምን ሃይማኖት አለው ጋሼ?

እኛንስ የት ሊመድቡን ነው? የአባዬ አባት ሼህ፣ የእማዬ አጎት ቄስ። አንዳንዱ ስብሰባ ላይ ወንበር በብሔር ይቆጠር ሲል ብትሰማ ይህን አንሳለት።

መብራቱን ተወው። መንግሥት የሚሰጠው ስለማይበቃ ሰፈሩ ሁሉ ከጄኔሬተር ባለቤት 5 አምፔር፣ 10 አምፔር እየገዛ ነው የሚኖረው። እኔ ሊፍት ውስጥ ሁለቴ ተዘግቶብኛል።

የማዳም ቤት የድሮው የጦር መስመር አጠገብ ነው፣ ከተማዋን ለሁለት የከፈለው። ሳሎኑ ተለስኗል፤ የኋላው ግድግዳ ግን እስካሁን በጥይት የተበሳሳ ነው፣ ልብስ የማሰጣው እዚያ ነው። ወንድሟ በ1976 ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም። የጠፋው ሰው 17,000 ይሆናል ይባላል። በ1991 ምሕረት አወጁ፣ የታጣቂ አለቆቹ ሚኒስትር ሆኑ፣ ፍለጋውን ለእናቶቹ ተዉላቸው። የጠፉትን የሚፈልግ ሕግ የወጣው በ2018 ነው። ያኔ ስንቷ እናት ሞታለች!

ማዳም በየወሩ የቤት ስልኳን ሂሳብ እንድከፍልላት ትልከኛለች። ስልኩ ግማሹን ጊዜ አይሠራም። ልጆቿ "ምን ያደርግልሻል፣ ሞባይል አለሽ" ይሏታል። አንድ ቀን ቡና ይዤላት ስገባ መነጋገሪያውን አንስታ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አገኘኋት። ድምፅ እንዳለው እያየች ነበር። "እሱ የሚያውቀው ይህን ቁጥር ብቻ ነው" አለችኝ። ሰፊ ቤት ሲገዙላት ያልለቀቀችውም ለዚሁ ነው።

ያን ጊዜ የእኛ ሰፈር ትዝ አለኝ። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2014 ከተማው ሲያዝ፣ አንተ እማዬን ይዘህ በሐረጎ ቁልቁል በእግር የወረዳችሁበት ጊዜ። ኅዳር ላይ ስትመለሱ የሱቁ በር ተገንጥሎ ነበር። እሱ በብር ይሠራል፣ ልኬልሃለሁ። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈራረሙ እዚህ ያለን የወሎ ልጆች ተሰብስበን ቡና አፍልተን እልል ብለናል። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ክልሉ ሌላ ተኩስ ውስጥ ገባ። በየሳምንቱ እሑድ የምንጠያየቀው "መንገዱ ተከፈተ?" ሆኗል።

ከላይ በር ያሉት እናት ልጃቸው ያኔ ጠፍቶ፣ የማያውቁት ቁጥር ሲደወል ከሶላት እንኳ ተነስተው ያነሳሉ ብለኸኝ ነበር። ስብሰባው ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ባንዲራ ብዙ ያወራ ይሆናል፣ ያውራ። አንተ የልጁን ስም ከነአባቱ በወረቀት ጽፈህ ግባ። የሌሎቹንም ቤት ለቤት ዞረህ ያዝ፣ የየትኛውም ወገን ልጅ ይሁን። ሲያጨበጭቡ ኪስህ ውስጥ እንዳትረሳው ብቻ።

በርበሬው በሚቀጥለው ወር በምትመጣው ልጅ ይላክልኝ። እማዬ ኮረሪማውን አታብዛው፣ ማዳም ታስነጥሳለች።

እህትህ፣ ከቤይሩት