ለአስቴር፦ ስለ ወንዙ ዳር እባብ

ውድ እህቴ አስቴር፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ኑሮ ሁለታችንንም ሲያሯሩጠን ዝም ተባብለን ብዙ ብንቆይም፣ ከሬንተን የላክሽልኝ የእባብ ፎቶግራፍ እንደገና ብዕር አስጨበጠኝ።

ልጆቹ ሴዳር ወንዝ ዳር ያዩት እባብ በጀርባውና በሁለት ጎኑ ረጃጅም መስመሮች ስላሉት ጋርተር ከሚባሉት ወገን ነው። በዋሽንግተን ግዛት ለሰው የሚያሰጋው፣ ራትልስኔክ የተባለው መርዘኛ እባብ የሚኖረው ከካስኬድ ተራሮች በስተምሥራቅ ስለሆነ በዚያ በኩል ሐሳብ አይግባሽ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ እፉኝት ባለበት አገር ያደገ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

በእናንተ አካባቢ ሦስት ዓይነት ጋርተሮች አሉ፤ ውኃ ዳር መገኘት ብቻውን አይለያቸውም። ተራው ጋርተር እንቁራሪት ስለሚያድን ከኩሬና ከረግረግ አይርቅም፤ የየብስ ጋርተር የሚሉትም ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ ጥሩ ዋናተኛ ነው፣ ዓሣም ይበላል። የሰሜን ምዕራብ ጋርተር የሚባለው ግን ዛጎል የሌለውን ቀንድ አውጣና የመሬት ትል የሚለቅም የሣር ሜዳ እባብ በመሆኑ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይገባም።

ቀለሙን ብዙ አትመኚው። የሰሜን ምዕራቡ ብቻ እንኳ መስመሩ ቢጫም፣ ቀይም፣ ብርቱካናማም ይሆናል። እኔ የማምነው ጭንቅላቱን ነው። በላይኛው ከንፈር በአንዱ ጎን፣ ከአፍንጫው እስከ አፉ ጥግ የተደረደሩትን ቅርፊቶች ብትቆጥሪ፣ የየብሱ አብዛኛውን ጊዜ 8፣ ሌሎቹ ሁለቱ 7 አላቸው። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ ዓይን ይለያቸዋል፤ ተራው ጋርተር ዓይኑ ትልቅ፣ ጭንቅላቱም ከአንገቱ ሰፋ ያለ ሲሆን፣ የሰሜን ምዕራቡ ጭንቅላት ትንሽ ስለሆነ ከአንገቱ እምብዛም አይለይም። ፎቶግራፍሽን አጉልቼ ስመለከት 7 ቅርፊትና ጉልህ ዓይን ስላየሁ፣ ተራው ጋርተር ነው ብዬ ፈርጄአለሁ።

ልጆቹ እንዳይዙት ንገሪያቸው። ንክሻው ለሰው የሚያሰጋ ባይሆንም፣ ሲጨነቅ ከጅራቱ ሥር የሚለቀው ፈሳሽ ሽታው ከእጅ ቶሎ አይለቅም። ይልቅ የምፈራላቸው በዚያው ውኃ የሚኖረውን፣ እንሽላሊት የሚመስለውን፣ ቆዳው ሻካራ ሆዱ ብርቱካናማ ኒውት ነው። ቴትሮዶቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ በቆዳው ስላለ፣ ከነካኩት ወዲያው እጃቸውን ይታጠቡ። የሚገርመው፣ በአንዳንድ ቦታ ተራው ጋርተር ይህንኑ ፍጥረት ውጦ በሕይወት መቆየቱ ነው፤ መርዙም በጉበቱ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ሌላ እባብ ካያችሁ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ፣ ከንፈሩ በደንብ እንዲታይ አድርገሽ አንሺና ላኪልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ዳዊት