የፈፋው ግንብ ከበልግ ዝናብ በፊት እንዲጠገን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በጅቡቲ፣ በዓረብ አገሮች፣ በአሜሪካና በሌላውም ዓለም ለምትኖሩ የድሬ ልጆች፤

ባለፈው ነሐሴ ከላይ ከደንገጎ ደጋ በኩል ሌሊት የወረደው ጎርፍ፣ በሁለት ዓመት ልፋት ካቆምነው 94 ሜትር የጋቢዮን (በሽቦ ቅርጫት የታጨቀ ድንጋይ) ግንብ ውስጥ 31 ሜትሩን ገንድሶ ወደ ደቻቱ ወንዝ እንደወሰደው ሰምታችኋል። በዚያች ሌሊት የሰው ሕይወት ባለመጥፋቱ ፈጣሪን እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ በፈፋው ዳር ያሉ የዘጠኝ ቤቶች አጥር ፈርሷል፤ ከእነዚህም የሁለት ቤቶች መሠረት እስከ ድንጋዩ ተራቁቶ ይታያል። የበልግ ዝናብ መጋቢት ላይ ሊጥል ስለሚችል የቀረን ጊዜ ጥቂት ወራት ነው። ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ደብዳቤ ጽፈን ደጃችሁን አንኳኩተን ነበር፤ ዛሬ ደግመን ስንመጣ ምን ያህል እንደምናፍር የምታውቁን ታውቁታላችሁ።

ስለ ጎርፍ ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ ደቻቱ ሰው በተኛበት መጥቶ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል፤ ሺዎችንም ያለ መጠለያ አስቀርቷል። ከዚያ በኋላ በዋናው ወንዝ ዳርና ዳር መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ወደ ወንዙ የሚወርዱት እንደ እኛ ያሉ ፈፋዎች ግን ያን ያህል ትኩረት አላገኙም። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆነው ልጆች ኳስ የሚጫወቱባቸውና ሰው አቋርጦ የሚያልፍባቸው ስለሆኑ እንደ ወንዝ የሚያያቸው የለም። በከተማው ጠብታ ሳይወርድ፣ በላይ በደጋው በጣለ ዝናብ ብቻ በድንገት ሊሞሉ ይችላሉ። በዚያ ላይ ደቻቱ በሞላ ጊዜ የፈፋው ውኃ መግቢያ ያጣና ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ ነሐሴ ላይ ያየነውም ይህንኑ ነው።

የሰፈራችን የጎርፍ መከላከል ኮሚቴ ሲቋቋም በእጁ የነበረው አንድ ደብተርና አንድ ማኅተም ብቻ ነበር። ከዚያ ተነስተን ለመሐንዲስ ልኬትና ንድፍ ከፍለናል፣ ድንጋይ አስጭነናል፣ ወጣቶቹ በየእሑዱ ድንጋይ እየደረደሩ 94 ሜትር ግንብ አቁመዋል፤ በዋናው መንገድ ሥር ያለው ቱቦም ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠርጓል። እናቶች ለሠራተኛው በየተራ ምሳ አቅርበዋል፤ ይህ በሒሳብ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፣ ሊሰፍርም አይችልም። የቀሩት 63 ሜትሮች ነሐሴ ላይ ጎርፉን ችለው ቆመው ከኋላቸው ያሉትን ቤቶች አድነዋል። «ገንዘባችን ውኃ በላው» የሚሉ ወገኖቻችን ወደ ፈፋው ወርደው ይህን እንዲያዩልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ግንቡ ለምን እንደፈረሰም ሳንደብቅ እንናገራለን። በንድፉ ላይ ከግንቡ ግርጌ ወደ ፈፋው የሚዘረጋ፣ ውኃው ሥሩን እንዳይቦረቡር የሚጠብቅ ዝቅተኛ የጋቢዮን ምንጣፍ ነበረ። ገንዘቡ ስላልበቃን ግንቡን አስቀድመን ምንጣፉን ለሚቀጥለው ዓመት አሳለፍነው። ውኃውም አሸዋውን ከሥር ጠርጎ አወጣና በመታጠፊያው ላይ ያለው ክፍል ወደ ፊት ተደፋ። ውሳኔው የኮሚቴው ነበር፤ መሐንዲሱ አስጠንቅቆናል፣ ቃለ ጉባኤውም ላይ ተጽፏል። ያኔ ምንጣፉን ብናስቀድም ኖሮ ግንቡ አጭር፣ ግን የማይወድቅ ይሆን ነበር።

ብዙ ቅሬታ የቀረበበት ሌላው ወጪ ለደለል ማውጫ ለሎደር ኪራይ የተከፈለው ነው። ደለሉ በአንድ ክረምት ተመልሶ መሞላቱ እውነት ነው። ነገር ግን በግንቦት ባይጠረግ ኖሮ የነሐሴው ውኃ በግንቡ አናት ላይ በተራመደ ነበር፤ ደለል መጥረግ ቤት እንደመጥረግ በየዓመቱ የሚደገም ሥራ መሆኑን መቀበል አለብን። ቱቦውን የደፈነው ግን ከላይ የመጣ አሸዋ ብቻ አልነበረም። ፌስታል፣ የጫት ገረባና የአሮጌ ፍራሽ ቁራጭ በእጃችን እየጎተትን አውጥተናል፤ ይህን ቆሻሻ ያመጣብን ጎርፍ አይደለም። የወጪ ሰነዶቹ በሙሉ ከሰፈሩ በተመረጡ ሦስት ሰዎች ተመርምረዋል። ማየት የሚፈልግ ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዕድሩ አዳራሽ ተገኝቶ ደረሰኝ በደረሰኝ መመልከት ይችላል።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ይህ ነው። የፈረሰውን ለመመለስ፣ በመላው ግንብ ግርጌ ምንጣፉን ለመዘርጋትና ቱቦውን ለማስፋት 4 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። ከብዙ ምልልስና ከብዙ ማመልከቻ በኋላ መንግሥት 70 በመቶውን እንዲሸፍን ተፈቅዶልናል፤ ነዋሪው ደግሞ ቀሪውን 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር አስቀድሞ በባንክ ማሳየት አለበት። እስካሁን የተሰበሰበው 430 ሺህ ነው። 770 ሺህ ይጎድለናል። የእኛ ድርሻ ካልተሟላ ጨረታው አይወጣም፤ ጨረታው ካልወጣ የተፈቀደው በጀት ሰኔ 30 ሲዘጋ ወደ ካዝና ይመለሳል፣ ለሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ከወረፋው ጭራ መጀመር ይሆናል። በጀቱን ለማስፈቀድ ስንት ጠዋት በየቢሮው ደጃፍ እንደቆምን እኛው ስለምናውቅ ይህ እንዲሆን አንፈልግም።

በሰፈሩ ያለነው 310 ያህል አባወራና እማወራ ነን። እያንዳንዱ ቤት 2,500 ብር ቢያዋጣ ጉድለቱ ይሸፈናል፤ ሁሉም ቤት ይህን እንደማይችል ግን እናውቃለን። የማይችል በጉልበቱ ይርዳ፣ የሚችል የጎረቤቱን ይሸፍን። የጎርፉ ሌሊት የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ እኩል ነበር የቀሰቀሱን፤ ዕድሩም፣ እንደ ዕድር ያለው የሙስሊም ወገኖቻችን መረዳጃ ማኅበር አፎሻውም አንድ ድንኳን ነበር የተከሉት። ለሙስሊም ወገኖቻችን ይህ ሥራ ሰው እስከተጠቀመበት ድረስ ምንዳው የማይቋረጥ ሰደቃ ጃሪያ ነው፤ ለክርስቲያን ወገኖቻችንም ከአሥራትና ከስእለት የማያንስ ምጽዋት ነው። ከድሬ የራቃችሁ ልጆቻችን፣ እናቶቻችሁ ክረምት ሲገባ ልብሳቸውን ሳያወልቁ እንደሚተኙ ነግረዋችሁ ይሆናል።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። የሒሳቡ ቁጥር በዕድሩና በአፎሻው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በተለጠፈው ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ይገኛል። ወጪ የሚሆነው በሦስት ፈራሚዎች ፊርማ ነው። በእጅ የምትሰጡ ከሆነ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ሳትቀበሉ ለማንም፣ ለኮሚቴው አባልም ቢሆን፣ አትስጡ። ውጭ አገር ያላችሁ ቁጥሩን በስልክ ከሚላክላችሁ መልእክት አትውሰዱ፤ ሰፈር ያለ ቤተሰባችሁ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ በቀጥታ ያንብብላችሁ፤ ስታስገቡም የባንኩን ማረጋገጫ ያዙልን። በድጋሚ፦ በኮሚቴው ስም የተከፈተው ሒሳብ ብቻ፣ ደረሰኝ የግድ፣ የመጨረሻው ቀን የካቲት 30። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገባ ገንዘብ ለቱቦው ጽዳት ይውላል እንጂ ለጨረታው አይደርስም።

የሰፈሩ የጎርፍ መከላከል ኮሚቴ
ድሬዳዋ