ስለ «ዘ ጆሹዋ ትሪ» ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የአየርላንዱን የሮክ ባንድ የዩቱን የጊታር ድምፅ ማውጣት አቃተኝ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ፣ ከዚያ ዘመን ሮክ ሁሉ አብልጬ ስለምወደው አልበማቸው ስለ «ዘ ጆሹዋ ትሪ» ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቢያቸው።

አልበሙ የወጣው በመጋቢት 1987 ነው። ደብሊን ውስጥ ተቀረጸ፤ ፕሮዲውሰሮቹ ብራያን ኢኖና ዳንኤል ላንዋ ነበሩ። በመጀመሪያ ግን የምለምንሽ ነገር አለ፦ በስልክሽ ስፒከር አትስሚው። «ዊዝ ኦር ዊዝአውት ዩ» የሚለውን ዘፈን የተሸከመው የባንዱ ቤዝ ተጫዋች የአዳም ክሌይተን ቤዝ ጊታር ነው። ዲ፣ ኤ፣ ቢ፣ ጂ እያለ ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። የእነዚህ ኖታዎች መሠረታዊ ድምፅ ከ150 ኸርዝ በታች ስለሆነ ትንሽ ስፒከር አያወጣቸውም፤ ዘፈኑ ባዶ የሚመስልሽ ለዚህ ነው። ደህና የጆሮ ማዳመጫ አድርጊ። ከበላዩ ሳይቋረጥ የሚንሳፈፈው ረጅም ድምፅ ደግሞ ካናዳዊው ማይክል ብሩክ የሠራው፣ አንዴ የተመታ ኖታን እንደያዘ የሚያቆይ ጊታር ነው። እኔ የማደንቀው ጊታሪስቱ ኤጅ በዚህ ዘፈን ውስጥ የተወውን ነው። ሌላ ባንድ ሶሎ በሚደረድርበት ቦታ እሱ ጥቂት ኖታ ብቻ አስቀምጧል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ዌር ዘ ስትሪትስ ሀቭ ኖ ኔም» በደቂቃ 126 ምት ገደማ ይሄዳል። በአንድ ደቂቃ ያሉትን 60,000 ሚሊሰከንዶች ለ126 ስታካፍዪ አንድ ምት 476 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ሦስት አራተኛው 357 ነው። ዲሌይሽን፣ ማለትም የመታሽውን ኖታ ዘግይቶ እንደ ማሚቶ የሚደግመውን መሣሪያ፣ እዚያ ላይ አድርጊው። ድግግሞሹ ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጥ፤ የማሚቶው መጠን ግን ከዋናው ድምፅ ብዙ እንዳያንስ። አንቺ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ኖታ ብቻ በእኩል ርቀት ምቺ፤ በመካከል ያለውን ክፍተት ማሚቶው ራሱ ይሞላዋል። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፈጣን ስለሚመስለው በምት አራት ኖታ ይመታል፣ ከማሚቶው ጋር ይጋጫል፣ ሁሉም ይደበላለቃል። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው) ከበዛም ኖታዎቹ ተጣብቀው ጭቃ ይሆናሉ፤ ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ከጥራት ወደ መሻከር ሊያልፍ ሲል አቁሚው። ያለ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) አትለማመጂ፤ ዲሌይ አይጠብቅሽም። መግቢያው በሦስት ምት የሚቆጠር መሆኑንም ልብ በዪ፤ ኋላ ወደ አራት ይሻገራል። ያ መሻገሪያ በቀረጻው ጊዜ ባንዱን እጅግ ስላደከመው ኢኖ ቴፑን አጥፍቶ ከዜሮ ለመጀመር አስቦ ነበር፤ ያስቆመው የድምፅ መሐንዲሱ ነው።

ይህ ዘፈን እኛንም ይነካል። የባንዱ ዘፋኝ ቦኖና ባለቤቱ አሊ በ1985፣ በእኛ አቆጣጠር የ77ቱ ድርቅ ጠባሳ ገና ሳይሽር፣ ወሎ አጅባር በሚገኝ መጠለያ ለአንድ ወር ያህል አገልግለዋል። ቦኖ እንደተናገረው የግጥሙ ሐሳብ ኢትዮጵያ ሳለ የመጣለት ነው፤ የሰው ሃይማኖትና ኑሮ በሚኖርበት መንገድ ስም የሚለይባት ቤልፋስትም አለችበት። ሽፋኑ ላይ የካሊፎርኒያን በረሃ ዐይተው አልበሙን የአሜሪካ ብቻ የሚያደርጉት ሰዎች ወሎን ይረሱታል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ዘፈኖቹን አትቀላቅዪ። ቅደም ተከተላቸውን ያወጣችው ዘፋኟ ከርስቲ ማኮል ናት፤ ባንዱ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ወስኖ ሌላውን ለእሷ ተወላት። በሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ካሉት አምስት ዘፈኖች አንዱን እንኳ ማንሳት አይቻልም። የ«ቡሌት ዘ ብሉ ስካይ» ቁጣ፣ ቦኖ በኤልሳልቫዶር ካየው ጦርነት የመጣው፣ ወዲያው በ«ራኒንግ ቱ ስታንድ ስቲል» ፒያኖ ይበርዳል፤ ያም በደብሊኑ ባሊመን ሰፈር ስለ ሄሮይን ሱስ የሚናገር ነው። ሁለተኛው ገጽ ትንሽ ይላላል፤ «ትሪፕ ስሩ ዩር ዋየርስ» ለእኔ ደካማው ነው። «ዋን ትሪ ሂል»ን ግን ደጋግመሽ ስሚው። በ1986 ደብሊን ውስጥ በሞተር ብስክሌት አደጋ ለሞተው ኒውዚላንዳዊ ባልደረባቸው ለግሬግ ካሮል የተዘፈነ ነው።

ስትለማመጂ ሁለት ቅጂ ቅረጪና ላኪልኝ፤ አንዱ ከነዲሌዩ፣ ሌላው ያለ ዲሌይ ይሁን። እጅሽ ከምቱ የት ላይ እንደሚዛነፍ የሚሰማው በሁለተኛው ነው።

አባትሽ