ይድረስ ለልጄ፦ ተቀምጠሽ ስለቀረሽበት ማዕድ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ ዘንድሮ አልቆም ብሎናል።

የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዶርም ጓደኛሽ ጋር መካነ ኢየሱስ ሄደሽ፣ የጌታ እራት ሲቀርብ ሁሉም ተነሥቶ አንቺ ተቀምጠሽ ቀረሽ። «ልክ ነኝ ወይስ ሰው አስቀየምኩ?» ብለሻል። መቀመጥሽም ልክ ነው፤ መከፋትሽም ልክ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ እንጀራው አንድ ስለሆነ እኛም ብዙዎች ስንሆን አንድ ነን ይላል። ስለዚህ ቁርባን የግል ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ በእምነት አንድ መሆን፣ ከዚያ አንድ ጽዋ፤ የእኛ የኦርቶዶክሶችም የካቶሊኮችም አቋም ይሄው ነው። ብዙ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ ማዕዱ ራሱ ያቀራርባል ይላሉ። ግን እነሱንም ይሄው ማዕድ ለያይቷቸዋል። የፕሮቴስታንት መሥራቾቹ ሉተርና ዝዊንግሊ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1529 ጀርመን አገር ማርቡርግ ላይ ተገናኝተው ከ15 ነጥብ በ14ቱ ተስማሙ። የቀረችው የክርስቶስ ሥጋና ደም በእውን እዚያ አለ ወይ የምትለዋ ነበረች።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ምን መሰለሽ? በእምነት ከእኛ ጋር አንድ የሆኑት አርመኖች የሚቀድሱት እርሾ በሌለው ኅብስትና ውኃ ባልነካው ወይን ነው። የእኛ ኅብስት እርሾ አለው። ቋንቋውም ዜማውም ሌላ ነው። ግን ማዕዳችን አንድ ነው። እዚሁ አገራችን ደግሞ በግእዝ የሚቀድሱ ካቶሊኮች አሉ። ግእዙ የኛው ግእዝ ነው፤ አብረን ግን አንቆርብም። እንደ ፈረንጅ በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ፣ በክርስቶስ ባሕርይ ጉዳይ ስንለያይ የተከፈተው ቁስል ገና አልዳነም። መመሳሰል ሌላ፣ አንድነት ሌላ።

ደግሞ ምን ሩቅ ያስኬደናል? የእኛው ሲኖዶስ የአገር ቤትና የውጭ ተብሎ ከ20 ዓመት በላይ ተከፍሎ አልነበር? እምነቱ አንድ፣ ቅዳሴው አንድ። ጠቡ ፓትርያርኩ ማነው የሚል ነበር፤ ይህ ማለት በቅዳሴ የማን ስም ይጠራ ነው። ሐምሌ 2010 ዕርቅ ሲወርድ የሁለቱም ስም አብሮ ይጠራ ጀመር። ያኔ እንባዬ መጣ፣ አባትሽ ሳቀብኝ እንጂ።

ጓደኛሽን አትሽሻት። ጅማ ያደግሽ ልጅ ነሽ። በሰርጋችን ለሙስሊሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ይታረድ የለ? ድንኳኑ አንድ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ብቻ የእናንተ ከዚያ ይለያል። ሁለታችሁም የምትጠሩት አንዱን ክርስቶስ ነው። ስለዚህ መለያየቱ ቢያምሽ ይመምሽ፤ አትልመጂው።

አሁን ልቆጣሽ ነው። በቅዳሴ «ሀበነ ንኅበር በዘዚአከ መንፈስ ቅዱስ» ስንል አንድ አድርገን ብለን መለመናችን ነው። ከዚያ ቅዳሴው ሲያልቅ አብዛኞቻችን ሳንቆርብ ወደ ቤታችን። በብዛት የሚቀርቡት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። አንቺስ መቼ ነው የቆረብሽው? ጌታ መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል። ከእህትሽ ጋር ያለሽን ኩርፊያ ሳትጨርሺ የሌላ ማዕድ ምን አሳሰበሽ?

ደውዪላት። ካርድ ከሌለሽ ንገሪኝ፣ እልክልሻለሁ።

እናትሽ